ከራሷ አጥንት

«ነስሪን በሽተኛ ፍለጋ ከተማውን ስታስስ ከረመች፤ ለካስ የምትፈልገው መንጋጋ እዚሁ ወጥ ቤታችን ውስጥ ኖሯል» አለች ማዳም ከእህቷ ጋር በስልክ እየሳቀች። የውብዳር የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማዳም አየቻት፤ ድምፅዋን ግን አልቀነሰችም። ሰው ማቀዝቀዣው ይሰማኛል ብሎ መቼ ድምፁን ይቀንሳል። «ኧረ ምን ልትል፣ ማን ይጠይቃታል? ለፈተናው የሚፈለገው የላይኛው መንጋጋ አጥንቱ የሳሳ ሰው ነው፤ የእሷ ደግሞ ተሟጦ አልቋል። ነስሪን ፈተናዋን ታልፋለች፣ መርየም ጥርስ ታበቅላለች፣ ኸላስ።» የውብዳር ሻዩን ቀድታ፣ ስኳሩን አማስላ፣ ብርጭቆውን ከማዳም ክርን አጠገብ አኖረችና ወጣች። የማዳም ልጅ ዶክቶራ ነስሪን ጥርስ እተክልልሻለሁ ስላለቻት ሳምንቱን ሙሉ እጇን ስትመርቅ ነበር የሰነበተችው። ከፋት።

መርየም ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ላይ ያለ ስም ነው። እናቷ ያወጣችላት የውብዳር ብላ ነበር። ደላላው አገሯ ሐይቅ ድረስ መጥቶ ሴት ሲመለምል «አሠሪዎቹ የሚፈልጉት ሙስሊም ብቻ ነው» ስላለ ፓስፖርቱ በመርየም ወጣ። ማተቧንም ቦሌ ሳትደርስ ሚኒባስ ውስጥ ፈታችው። ስም ከሰጠች፣ ማተብ ከፈታች፣ ሦስተኛ የሚጠይቃት ነገር ይኖራል ብላ አላሰበችም ነበር። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሪያድ፣ በሱለይማኒያው ቪላ ውስጥ መርየም ሆና ትኖራለች፤ ማዳም ስትሰግድ እሷም ክፍሏን ዘግታ ትቆያለች፣ ማንም ገብቶ አያይም። እንዲህ ያለ ውሸት ሲውል ሲያድር ልብስ ይሆናል። የሚያስፈራው ማውለቁ ነው። በሐሰት ስም የገባ ሰው ሲታወቅበት ዕቃውን እንኳ ሳይሰበስብ በአውሮፕላን እንደሚላክ ከስንት ሰው ሰምታለች።

ጥርሶቿን ያጣችው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለዒድ ሳሎኑ ሲጸዳ ነው። መሰላል ላይ ወጥታ የተንጠለጠለውን የብርጭቆ መብራት ፍሬ በፍሬ ስትወለውል መሰላሉ ከዳትና በፊቷ እብነ በረዱ ጠረጴዛ ላይ ወደቀች። ማዳም እየሮጠች መጥታ መጀመሪያ የዳሰሰችው ጠረጴዛውን ነው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ተሰባብረው ስለነበር ሥሮቻቸውን አስነቀለቻትና «ቁስሉ ሲድን እናስተክልልሻለን፣ ኢንሻአላህ» አለቻት። በዚያ ቤት ኢንሻአላህ ሲባል ጉዳዩ ወደ ላይ ተልኳል፣ መልስ ጠብቂ ማለት ነው። የውብዳር ጠበቀች። ጥርስ ያልተሸከመ አጥንት ግን ሥራ እንደፈታ ሰው እየመነመነ ይሄዳል፤ የላይ ከንፈሯ ወደ ውስጥ ገባ፣ አፍንጫዋ ሥር ጎደጎደ፤ አርባ ያልሞላት ሴት የአሮጊት አፍ ይዛ ቀረች። ስትናገር የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ማምጣት ለመደባት። ከእናቷ ጋር በቪዲዮ ማውራት ተወች፤ «ኔትወርክ የለም» ትላለች፣ እናቷም ሪያድን ያህል ከተማ ኔትወርክ የማይገባበት ገጠር ነው ብላ አምናለች።

ዶክቶራ ነስሪን የማዳም ታላቅ ልጅ ናት። ከጥርስ ሕክምና ተመርቃ አሁን ደግሞ ጥርስ በብሎን የመትከሉን ትምህርት ትከታተላለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ችኩል ናት እንጂ። ወደ ክሊኒኩ በሚሄዱበት ቀን፣ ሾፌሩ ሳዲቅ መኪናውን ከግቢው እንዳወጣ ከቦርሳዋ ከመድኃኒት ዕቃ የማትበልጥ ትንሽ ሣጥን አውጥታ ለየውብዳር አሳየቻት። ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት፤ ይህ ራሱ ሌላ ጊዜ አይሆንም ነበር።

«አጥንትሽ እንደ ቢላ ስለት ቀጥኗል» አለቻት ዶክቶራ። «ብሎኑን አይሸከምም። ስለዚህ ዛሬ ድድሽን ከፍተን ይህንን እንሞላበታለን። የላም አጥንት ዱቄት ነው። ስድስት ወር ሲቆይ የራስሽ አጥንት ይሆናል፣ ከዚያ ጥርሱን እንተክላለን።» የውብዳር ዓይኗን ሣጥኑ ላይ ስትተክል ጊዜ ልጅቷ ጭንቀቷ የገባት መሰላት። «አይዞሽ፣ ጠይቄያለሁ። የአሳማ የሚሸጡም አሉ፤ ይሄ ግን ሐላል ነው። በቢስሚላህ የታረደ ከብት ነው። እናቴም ለመርየም ሌላ ነገር እንዳታደርጊ ብላኛለች።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለዚህ ነው። ይህ ነገር ለሌላ አገር ሰው ቢነግሩት አይገባውም፤ የአገራችን ሰው ግን ሳይነገረው ያውቀዋል። አንድ ቡና፣ አንድ እድር፣ አንድ ለቅሶ የሚጋራ ጎረቤት፣ ሥጋ ላይ ሲደርስ ይለያያል። ሐይቅ ሠርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑ አንድ በሬ፣ ለእስላሙ አንድ በሬ ይጣላል፤ ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ። ማንም በማንም አይቀየምም፣ ማንም ግን ጭልፋ አያሳስትም። የውብዳር በዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት ሥጋ በአፏ አልዞረም። «ጨጓራዬ ላይ ቁስለት አለ» ብላ ነው ያሳመነቻቸው። ካብሳ የሚሉትን የሥጋ ሩዝ የምትሠራው እሷ ናት፣ የበጉን ሥጋ የምታበስለው እሷ ናት፣ እንግዳ ጣቱን እየላሰ የሚያመሰግነው የእሷን እጅ ነው፤ የራሷን መረቅ ጨው ግን ቀምሳ አታውቅም። በማንኪያ ጨልፋ በጓሮ በር ለሳዲቅ ትሰጠዋለች፤ እሱ አውራ ጣቱን ያነሣል ወይም ፊቱን ያጨማድዳል። ስሟን ሰጥታለች፣ ማተቧን ፈትታለች፤ ያልሰጠችው ይህን ብቻ ነበር። አሁን እሱን ሊያበሏት ሳይሆን መንጋጋዋ ውስጥ ሊቀብሩት ነው። የበሉት ይወጣል። ይሄኛው ግን ሥር ሰድዶ እሷን ሊሆን ነው፣ ዶክቶራ ራሷ ብላዋለች። ቄስ ቢኖር ትጠይቅ ነበር፤ ምናልባትም ቄሱ ይስቁና «ልጄ፣ መድኃኒት ነው» ይሏት ነበር። ሪያድ ውስጥ ቄስ ከየት ይመጣል። አይሆንም እንዳትል ደግሞ ለምን ትባላለች፤ ለዚያ ለምን ያላት መልስ አንድ ብቻ ነው፣ እሱን ከተናገረች ሥራዋም ኢቃማዋም አብረው ያልቃሉ። ሳዲቅ በመስታወቱ አያትና ፊቱን መለሰ።

ክሊኒኩ ከትልቅ ትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ነው፤ መተላለፊያው ነጭ፣ ወንበሩ ነጭ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚያስታምም ዘመድ ይዘሽ ነይ ስለተባለች ታናሽ እህቷን ማሬን ጠርታ ነበር። ሌላ የምትጠራው ሰው ስለሌላት ነው። ማዳምም «የፊትሽ እብጠት እስኪጎድል እህትሽ ጋ ሁኚ፤ ዛሬ ማታ እንግዶች አሉብኝ» ብላታለች። ማሬ በሜትሮ መጥታ ቀድማ ደርሳለች፤ ጥቁር አባያዋን ሰብስባ፣ ጥቁር ፌስታል ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ብድግ አለች። ተሳሳሙ፣ እንደ ወጉ ትከሻ ለትከሻ።

«ደህና ነሽ እታለም?»

«ደህና። ጁነዲን ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ ወዲያ የሚባል አልነበረም። እነዚህ እህትማማቾች አራት ዓመት የተነጋገሩት ይህንኑ ነው፣ በበዓል በበዓሉ፣ በስልክ። ማሬ ጁነዲንን ስታገባ ሰለመች። የውብዳር ይህን አልተቃወመችም፤ በእነሱ ዘር አጎትም አክስትም የሰለመ፣ ተመልሶም የተጠመቀ ሞልቷል። ነገሩ የተበላሸው በኋላ ነው። ማሬ ዑድ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ያላት ሴት ሆና፣ ታላቅ እህቷን ምሳ ጠራቻት። ዶሮ ሠራች። ሽንኩርቱ ከሌሊት ጀምራ ያቁላላችው፣ እንቁላሉ የተሸለቀቀ፣ ልክ እንደ እናታቸው። የውብዳር ድስቱ ሲከፈት አየችና «ጾም ላይ ነኝ» አለች። ጾም አልነበረም። ማሬ ደግሞ የጾም ቀን ቆጠራ ከእሷው ጋር አንድ ጎጆ ውስጥ የተማረች ልጅ ናት። ማሬ ድስቱን ከደነችው፣ ዳቦና ሻይ አቀረበች፣ የውብዳር ጠጥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቤቷን አልረገጠችም። በደል ያለበት ሰው ከተበደለው ይልቅ ይኮራል፤ የውብዳር ኮርታ ሳይሆን አፍራ ነው የቀረችው፣ ከሩቅ ሲታይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው።

አሁን ጎን ለጎን ተቀምጠው ቁጥራቸው እስኪጠራ የግድግዳውን ስክሪን ያያሉ። የውብዳር ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ ሳትዞር፣ «የላም አጥንት ነው የሚያስገቡብኝ» አለች።

ማሬ የስክሪኑን ቁጥር ማየቷን አልተወችም።

«በቢስሚላህ የታረደ ነው አለችኝ።»

ማሬ ቀስ ብላ ዞራ አየቻት። የውብዳር እንዲህ ያለ አስተያየት ብትጠብቅ ኖሮ አትናገርም ነበር፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ የዚያን ቀን ድስት ሲከደን የነበረው ፊት ነው። ማሬ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ነርሷ «መርየም» ብላ ጠራች።

ወንበሩ ላይ አጋደሟት፤ አረንጓዴ ጨርቅ ደረቷ ላይ አለበሷት፤ መብራቱን ዓይኗ ላይ አበሩባት። ዶክቶራ ነስሪን ፀጉሯን በቆብ ሸፍና፣ ጓንት አድርጋ፣ ከቤት ካለችው ልጅ የተለየች ሆና ቆማለች። ከጀርባዋ ሽበታም ፕሮፌሰር አሉ፤ ፈታኟ እሳቸው ናቸው፤ ራጁን ወደ ብርሃን ይዘው ይመለከታሉ። አስታማሚ እግርጌ መቆም ስለሚፈቀድለት ማሬም ገብታለች። ነርሷ ያንን ትንሽ ሣጥን ከፈተችና ዱቄቱን በብርጭቆ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ነጭ ነው፣ ሸካራ ጨው ይመስላል። የውብዳር አየችው። ዶክቶራ መርፌውን ስታነሣ እጇ ሳታዝዘው ተነሥቶ የልጅቷን አንጓ ያዘ።

«ይሄን አልፈልግም።»

ዶክቶራ መጀመሪያ መርፌውን የፈራች መስሏት ሳቀች። «የምን?»

«የላሙን። ከራሴ አይሆንም? ከራሴ አጥንት ቁረጪና አድርጊ።»

ፕሮፌሰሩ ራጁን ዝቅ አደረጉት። ይሆናል፣ አሉ፤ ከአገጭ ይቆረጣል፣ እንዲያውም የራስ አጥንት ቶሎ ይያዛል። ግን ሁለተኛ ቁስል ነው፣ ሕመሙ ይብሳል፣ የታች ከንፈሯ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል፣ አንዳንዱም ሰው ላይ ጨርሶ አይመለስም። ይህንን ሁሉ የነገሩት ለዶክቶራ እንጂ ለየውብዳር አይደለም። ዶክቶራ ቀልታለች። የተዘጋጀችው ለሌላ ሥራ ነው፣ ፈታኟ ፊት ደግሞ የገዛ ቤቷ ሠራተኛ አይሆንም እያለቻት ነው። ጎንበስ ብላ፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ፣ ነገር ግን ሁሉም በሰማው፣ «መርየም፣ ያላ፣ አታሳፍሪኝ። ሐላል ነው አልኩሽ። ሙስሊም ለሆነ ሰው ምን ችግር አለው?» አለቻት።

የውብዳር ፊቷን ከዶክቶራ መለሰች። ጣሪያውን አየች። የሚቀጥለው ጥያቄ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ የዶክቶራ ዓይን ላይ ሲመጣ ይታያታል። ዘጠኝ ዓመት ሥጋ የማትበላ ሴት፣ ስትሰግድ ታይታ የማትታወቅ፣ አሁን ደግሞ ሐላል የሚባለውን የምትሸሽ። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። «ሙስሊም አይደለሽም እንዴ?» አለች ዶክቶራ፣ ቀስ ብላ።

«ነዝር አለባት» አለ ከእግርጌ አንድ ድምፅ፤ ስለት አለባት ማለት ነው።

ሁሉም ዞሩ። ማሬ ፌስታሏን በሁለት እጇ ይዛለች። ዓረብኛዋ ከየውብዳር ይልቅ የጠራ ነው፣ ቁርኣን ትቀራበታለች። «እናታችን ታማ ሳለ ለአላህ ነዝር ገብታለች። ከዳነችልኝ የከብት ነገር በአፌ አይገባም ብላለች። እናታችን ድናለች። ነዝሯን ካፈረሰች ትፈራለች፣ ዶክቶራ። ለዚህ ነው።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ሰው ነዝሩን አያወራም።»

ዶክቶራ አንዷን እህት ከሌላዋ እያማተረች ቆየች። የሚያሳምን ነገር ነው፤ ግን ፊታቸው ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። «ሙስሊም ናት?» አለች ማሬን። «ወላሂ በይ።»

በሪያድ መንገድ ወላሂ እንደ ደህና ዋልክ ነው። ነጋዴው ይላታል፣ ሾፌሩ ይላታል፣ ሕፃኑ ኳስ ሲጫወት ይላታል። ማሬ ግን አትልም። በበዓል ስትደውል ጁነዲን ከጀርባ በዚህ ሲቀልድባት የውብዳር በስልክ ሰምታለች፤ ዲራ ገበያ ሻጩ «ወላሂ በይ» ብሎ ሲያስጨንቃት ዕቃውን ትታለት ትወጣለች ይላል። ሰልሜ እንደ ዘበት አልምልም ብላ ነው የያዘችው። አሁን ግን እግርጌ ቆማ፣ ፌስታሏን ጨብጣ፣ የእህቷን ፊት አየች። የማሽኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል። የውብዳር አንገቷን ቀና ለማድረግ ሞከረች፤ ተይው ልትላት ፈልጋ ይሁን፣ በይላት ልትላት ፈልጋ፣ በኋላም ቢሆን እርግጠኛ አልሆነችም።

«ወላሂል ዐዚም» አለች ማሬ። «ሙስሊም ናት። ነዝሩም እውነት ነው።»

«ነዝር ከሆነማ ይከበራል» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ራጁን መልሰው እያነሡ። «ከአገጭ ቁረጪ። እኔ አጠገብሽ ነኝ።» ዶክቶራ ተነፈሰች። ነርሷ ዱቄቱን አንሥታ ወሰደችው።

የቀረውን የውብዳር በጆሮዋ ነው ያወቀችው። ማደንዘዣው ሕመሙን ወስዷል፣ ድምፁን ግን አልወሰደም። የታችኛው ከንፈሯ ወደ ታች ሲገለበጥ፣ አንድ ነገር አገጯ ላይ ሲሽከረከር፣ ራስ ቅሏ ሲነዝር፣ ከዚያ እንደ ለውዝ ቅርፊት ቀጭ ሲል። ዶክቶራ የተቆረጠችውን አጥንት በመቆንጠጫ ስታሳልፍ የውብዳር በዓይኗ ጥግ አየቻት፤ ከባቄላ አትበልጥም፣ ደም የነካት፣ የራሷ። ላይኛው መንጋጋ ላይ በትንሽ ብሎን አሰሯት። ፕሮፌሰሩ «ጥሩ፣ ጥሩ» ይላሉ። የውብዳር በዚያ ሰዓት ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ያልሰጠችውን አልሰጠችም። ደስታው ግን ሊመጣ አልቻለም፤ የእግር ጣቷን የሆነ ነገር ነክቷታል። ማሬ ናት፤ ከእግርጌ ሆና በጨርቁ ላይ እግሯን ይዛለች፣ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

ዶክቶራ የበሽተኛዋን ፊት በፋሻ አስራ፣ መድኃኒቱን ለማሬ አስረከበች። «አታውሪ። ሦስት ቀን ምንም እንዳታወሪ፣ ስፌቱ ይፈታል። በማንኪያ ለስላሳ ነገር ብቻ። ደም ካስቸገረ ደውሉልኝ።» ከዚያ፣ ድካሙ ይሁን ፈተናው ማለፉ፣ የየውብዳርን ትከሻ መታ መታ አደረገች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ዑድ የድሮ ሰፈር ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ የተላጠ ግድግዳ፣ ከየመስኮቱ የሚያንጠባጥብ አሮጌ ማቀዝቀዣ። ባንግላዴሻዊው ሸሚዙን መስኮት ላይ ያሰጣል፣ የመናዊው ዳቦ ይጋግራል፣ ሐበሻው ጥላ ጥላውን ይዞ ይሄዳል። የማሬ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መሐሉ ላይ መጋረጃ ተጋርዷል፤ ወዲህ ፍራሽ፣ ወዲያ ምድጃና ባልዲ። ማሬ ፍራሹን አነጠፈችላት፣ ትራስ ደራረበችላት፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ አገጯ ላይ ያዘችላት። ምስር አፍልታ፣ አጥልላ፣ አቀዝቅዛ በማንኪያ ሰጠቻት። ያፈላችበት፣ ከፌስታሉ ውስጥ ያወጣችው ድስት አዲስ ነው፣ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት አልተላጠም። ሥጋ ነክቶት አያውቅም። የውብዳር በደነዘዘ ከንፈሯ እያፈሰሰች ጠጣች። ማሬ በፎጣ ጠረገችላት። የውብዳር እንባዋን እንዳታይባት ዓይኗን ጨፈነች፤ ማሬም የተኛች መስሏት መጋረጃውን ሳብ አድርጋ ወዲያ ሄደች።

ማደንዘዣው እየለቀቀ ሲመጣ ሕመሙ እንደ ፍም ተቀጣጠለ። ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጁነዲን ከሥራ ገባ። ንጣፍ አንጣፊ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ሲሚንቶ ደርቆበታል፣ ትሑት ሰው ነው፣ ኢቃማው ካለቀ ቆይቷል። ማሬ ሁሉንም በሹክሹክታ ነገረችው። መጋረጃ ግን ግድግዳ አይደለም፣ የውብዳር እያንዳንዱን ቃል ሰማች።

«በአላህ ስም?» አለ ጁነዲን። «አውቀሽ?»

«አውቄ።»

«ሦስት ቀን ጹሚ።»

«ጾም ያወጣዋል?»

ጁነዲን ሐሰተኛ መጽናኛ የማይሰጥ ሰው ነው፤ ባል ሲሆን ደግሞ ይህ መልካምም ክፉም ነገር ነው። «ሼኾቹ የሚሉት፣ አውቆ በሐሰት የማለ ሰው ተውበቱ በጾም ብቻ አይሞላም። ያሳሳተውን ሰው ማረም አለበት። ሄደሽ እውነቱን ለልጅቷ ካልነገርሽ…»

«እህቴን?» አለች ማሬ። ድምፅዋ አልጨመረም፣ ግን ተሰበረ። «እህቴን አላጋልጥም። ኢቃማዋን ቀምተው ይጭኗታል። ይሄን ካልተናገርሽ ጀሀነም ነው ከተባልኩ ይሁን፤ የምወርደው ብቻዬን ነው፣ እሷን ይዤ አይደለም።» ትንሽ ቆይታ፣ «ታውቃለህ፣ ዶሮዬን አልበላ ስትለኝ አራት ዓመት ተቀይሜያት ኖርኩ። ዛሬ ያ መርፌ ሲነሣ እንዴት እንደፈራች አየሁ። ለካስ እኔን ንቃ አልነበረም» አለች። ከዚያ ስታለቅስ ተሰማ፤ አፏን በሻሽ አፍና፣ እንግዳ እንዳይነቃ።

የውብዳር ጣሪያውን እያየች ተጋድማለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ገደል የገባ ቃል አይመለስም። ቃሉ ግን የወጣው ከማሬ አፍ ይሁን እንጂ የገባው ለእሷ ነው። የራሷን አፍ ንጹሕ ያደረገችው በእህቷ አፍ ነው። ሰው ሃይማኖቱን ይጠብቃል፣ መልካም፤ በሌላ ሰው ነፍስ ሲጠብቀው ምን ይባላል? ስም ሰጥታለች፣ ማተብ ፈትታለች፣ ለዘጠኝ ዓመት ፈርታ ኖራለች፤ እነዚያን ሁሉ የከፈለችው እሷው ነበረች። ይሄኛውን ግን ማሬ ናት የምትከፍለው። ሐይቅን አሰበች፣ እናቷን አሰበች፣ በየወሩ ከዚህ የሚሄደውን ገንዘብ የሚጠብቁትን አሰበች፤ ስድስት ወር ቆይቶ የሚተከለውን ጥርስ አሰበች፤ ሊተከልም ላይተከልም ነው አሁን። በጣም ፈራች። ፍርሃቱ ግን ከቅድሙ ጋር አንድ አልነበረም፤ የቅድሙ ወደ ኋላ ይጎትታት ነበር፣ የአሁኑ ወደ ፊት ይገፋታል።

ስልኳን ከትራሱ ሥር አወጣችና ደወለች። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«መርየም?» አለች ዶክቶራ ነስሪን። ከጀርባዋ የማዳም ሳቅና የእንግዳ ጫጫታ ይሰማል። «ደም ነው? ደም አስቸገረሽ?»

የውብዳር ፋሻውን በእጇ ዝቅ አደረገችው። ከንፈሯ አልታዘዝ አላት፣ ቃሉ ተኮላተፈባት፣ አፏ የደም ጣዕም ሞላው። «መርየም አይደለሁም» አለች። «የውብዳር ነው ስሜ። ክርስቲያን ነኝ። ነዝር የለብኝም። እህቴ ለእኔ ብላ ነው የማለችው፤ እሷን ይቅር በያት።»

መጋረጃው ተገለጠ። ማሬ ዓይኗ አብጦ ቆማለች፣ ከኋላዋ ጁነዲን። ከስልኩ ውስጥ የማዳም ሳቅ ራቀ፤ ዶክቶራ ወደ ሌላ ክፍል እየሄደች ይመስላል። በር ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ የልጅቷ ትንፋሽ ብቻ።

«አታውሪ ብዬሽ አልነበረም?» አለች ዶክቶራ። «ስፌቱ ይፈታል።» ሌላ ምንም ሳትጨምር ስልኩን ዘጋችው።

ማሬ መጥታ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፋሻውን መልሳ አሰረችላት። ስልኩን በመካከላቸው አኖሩት፤ ሁለቱም ዓይናቸውን እሱ ላይ ጥለው፣ ይጠራ እንደሆን ይጠብቁ ጀመር።